«ቃላቱን እኮ ቀይሬያለሁ»፦ ስለ አሳይመንትና ስለ መመረቂያ ጽሑፍ የመጡ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ተቃርቧል። በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሰው ጽሑፍ ወስዶ የራስ አስመስሎ ስለማቅረብ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሳይመንቴ ላይ አንድም ዓረፍተ ነገር እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ቃላቱን እኮ በሙሉ ቀይሬያለሁ። መምህሬ ግን «ኮፒ ነው» ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። ተበድያለሁ?

መልስ፦ አልተበደልሽም። ሆኖም ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረሽን ነገር መጠየቅሽ ያሳዝነኛል። የላክሽልኝን አየሁት። መጽሐፉ «በደጋማ አካባቢ የሚታየው የአፈር መሸርሸር የሰብል ምርትን ይቀንሳል» ይላል። አንቺ ደግሞ «በከፍተኛ ቦታዎች የሚስተዋለው የአፈር መከላት የእህል ምርትን ያሳንሳል» ብለሻል። አጥንቱ ያው ነው፣ ልብሱ ብቻ ተቀየረ። ምንጩም አልተጠቀሰም።

እንዲህ ሞክሪ። አንቀጹን አንብቢና መጽሐፉን ክደኚው። ከዚያ ለጓደኛሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ ጻፊ፦ «የደጋው ገበሬ ምርት የሚያንስበት አንዱ ምክንያት አፈሩ ታጥቦ መሄዱ ነው»። አሁን አባባሉ ያንቺ ሆነ። ሐሳቡ ግን ዛሬም የደራሲው ነውና ስሙንና ዓመቱን አጠገቡ አስቀምጪ። እኔ እንዳየሁት ጥፋቱ የሚጀምረው ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው። ቃል በቃል የቀዳሽው ከሁለት ሳምንት በኋላ የራስሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ገና ስትቀጂ በትእምርተ ጥቅስ አጥሪው፣ የገጹንም ቁጥር ጻፊበት።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ወደ አማርኛ ተርጉሜ አስገባሁ። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ተርኒቲን፣ 4 በመቶ ብቻ ነው ያሳየው። ምን ያስጨንቀኛል?

መልስ፦ ሦስቱም ገጽ የሌላ ሰው ሥራ መሆኑ ሊያስጨንቅህ ይገባል። ተርኒቲን ያስገባኸውን ጽሑፍ እሱ ዘንድ ካሉት ጋር አስተያይቶ የሚመሳሰለውን ያሳያል እንጂ ሰርቀሃል አልሰረቅክም ብሎ አይፈርድም። በሥርዓት የተጠቀሰ ጥቅስ ቁጥሩን ሊያንረው፣ እንዳንተ ያለ ትርጉም ደግሞ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። መተርጎም ነውር የለውም፤ ደራሲውን ጠቅሰህ «ትርጉም የራሴ» በል። ሦስት ገጽ ግን ብትጠቅሰውም ይበዛል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥቅስን ሲፈቅድ ከተፈለገበት ዓላማ እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲውም ስም እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ዋቢ ላይ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ከየትኛው ይጀምራል?

መልስ፦ ከራሱ ስም። ቀጥሎ ያለው የአባቱ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍም የተለመደው ይኸው ነው። የትምህርት ክፍልህ ሌላ ደንብ ካለው እሱን ያዝ፣ ብቻ አታደባልቅ። በ1985 ዓ.ም. የታተመውንም ከፈረንጅ ዓመቶች መሀል «1985» ብለህ ብቻውን አትተወው፤ አንባቢህ ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሥራና ትምህርት አልገጣጠም ብሎት የማስተርስ ጽሑፉን በገንዘብ አሠራ። ገና አላስረከበም፤ ዲፌንሱም (በፈታኞች ፊት ጽሑፉን የሚያስረዳበት) ገና ነው። ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም አይበሉ። የጀርመኑ መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሑፋቸው ከሰው የተቀዳ መሆኑ የታወቀው ማዕረጉን ካገኙ ከዓመታት በኋላ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ነጠቃቸው፣ ብዙም ሳይቆዩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወንድምዎ ግን ገና አላስረከበም፤ በሩ አልተዘጋበትም። ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ቡና አፍልተው ያነጋግሩት። አማካሪው ዘንድ ሄዶ «አልደረሰልኝም» ብሎ ጊዜ ይጠይቅ። አንድ ሴሚስተር መራዘሙ ገንዘብም ድካምም ያስወጣዋል፣ እሱን አልሸሽግዎትም። የተጻፈለትን ይተወው። መጠይቁን በትኖ የሰበሰበው ራሱ ከሆነ፣ ያ የእሱ ነውና ከዚያው ይጀምር።