ዛፍ ሥር የሚያድሩትን መቅረጽ፦ ጥያቄና መልስ

ዛፍ እንዳይቆረጥ ሥሩ የሚያድሩ፣ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይደፋ መኪና ፊት የሚቆሙ ሰዎች ላይ ዘጋቢ ፊልም የምትሠሩ፣ የገጠማችሁን ጠይቁ።

ጥ፦ ቀበና ድልድይ አጠገብ ስንቀርጽ የመኪናው ጩኸት ንግግሩን ይውጠዋል። ምን ይመክሩናል?

መ፦ ካሜራው ላይ ባለው ማይክ አትመኑ። ደረት ላይ የሚሰካውን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ በፕላስተር አጣብቁ፤ ሽቦው ከተንጠለጠለ ልብስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። በድምፅ መለኪያው ላይ ጣሪያው ዜሮ ነው፤ ንግግሩ ኔጌቲቭ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። መፈክር ሲነሳ ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ኤዲቲንግ ላይም አይድንም። ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ 1 ደቂቃ ቅዱ፤ ኤዲቲንግ ላይ ሁለት ቁራጮች የሚገናኙበትን መጋጠሚያ የሚሸፍነው እሱ ነው።

ጥ፦ ቤት ውስጥ የቀረጽኩት ቃለ ምልልስ ላይ መብራቱ ይርገበገባል።

መ፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርግ። ይህንኑ ሸተር ፀሐይ ላይ ለመያዝ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4 ከሆነ ኤንዲ 32 (ብርሃን የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ያስፈልግሃል።

ጥ፦ ፊታቸው እንዲታይ የማይፈልጉ አሉ። ኤዲቲንግ ላይ ባደበዝዘውስ?

መ፦ ችግሩ ያልደበዘዘው ምስል የካሜራው ካርድ ላይ መኖሩ ነው፤ ካርዱ በሌላ ሰው እጅ ከገባ ማደበዘዝህ ምንም አይጠቅምም። ከመጀመሪያው ከጀርባ ቅረጽ፣ ወይም ብርሃኑን ከኋላቸው አድርገህ ጥላቸውን ብቻ አንሳ። እጅ ላይ ስታተኩር ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ጎረቤት ሰውን በጫማውም ይለየዋል። ድምፅን ማቅጠንና ማወፈር ወደነበረበት ሊመለስ ስለሚችል ቃሉን ሌላ ሰው ያንብበው። በስልክ ከሆነ የቦታ መጠቆሚያውን አጥፋ፤ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሆነ የ4ኬ (ከፍተኛ ጥራት) ቀረጻ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በይለፍ ቃል የተቆለፉ ሁለት ዲስኮች ያዝና ለየብቻ አስቀምጣቸው። ፈቃዳቸውንም ሁለት ጊዜ ጠይቅ፦ ከቀረጻው በፊት፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ቅንብር ካሳየሃቸው በኋላ። ግርግር መሃል «እሺ» ያለ ሰው ቤቱ ገብቶ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ መብቱ ነው።

ጥ፦ ድርጊቱ አመለጠኝ። እንዲደግሙት ልጠይቅ?

መ፦ በፍጹም። ራሳቸውን ዛፉ ላይ የሚያስሩበትን ሰንሰለት ያዝልን ቢሉህም አትያዝ፤ ከዚያ በኋላ ተካፋይ እንጂ ዘጋቢ አይደለህም። በማግስቱ ባዶውን ቦታ ቅረጽ፣ ያዩትን አናግር። ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ ይልቅ ይሄ ይሻላል።

ጥ፦ አራት ኪሎ ላይ ድሮን ማብረር ይቻላል?

መ፦ ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ አይሞከርም፤ ቤተ መንግሥቱም እዚያው ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከፎቅ ሰገነት አንሱ።

ጥ፦ ለአካባቢ ጥበቃ እንዲህ ከታገሉ ሰዎች ከአፍሪካ የሚጠቀስ ምሳሌ ይኖራል?

መ፦ የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ። እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ የታቀደውን 60 ፎቅ ተቃወመች፤ ሕንፃው ቀረ። በ1999 ካሩራ ደን ችግኝ ልትተክል ስትሄድ ተደብድባ ቆሰለች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። የቆየ ምስል ስትጠቀሙ ለፌስቲቫል፣ ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት የተገዛው መብት የተለያየ መሆኑን ቅንብሩ ሳይዘጋ አረጋግጡ።