በቴሌስኮፕ አጠገብ ለምትቆሙ ልጆች

ልጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲው ኦብዘርቫቶሪውን (የሰማይ መመልከቻውን) ለሕዝብ በሚከፍትበት ምሽት እንግዶችን የምታስተናግዱት እናንተ ናችሁ። ወረፋ ጠብቆ የመጣ ሰው ዓይኑን ሌንሱ ላይ የሚያሳርፈው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ያቺን ደቂቃ አደራ እላችኋለሁ።

ፀሐይ እንደጠለቀች የኦብዘርቫቶሪውን ጉልላት ክፈቱ። ቀን የሞቀ የቴሌስኮፑ መስታወት ከምሽቱ አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ በላዩ ያለው አየር ይናወጣል፤ ጁፒተርም በፈላ ውኃ ውስጥ የሚታይ ይመስላል። ትልቅ መስታወት ለመቀዝቀዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈልግ ይችላል። እንግዳ ከመጣ በኋላ የተከፈተ ጉልላት ምሽቱን ግማሽ ያበላሻል።

ማጉላት አታብዙ። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ቦታ ያለው ርቀት፣ 2,000 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ተመልካቹ ዓይኑን በሚያሳርፍበት ባለ 25 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ሌንስ 80 እጥፍ ያጎላል፣ በ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 200። የሳተርንን ቀለበት ለማየት 80 ይበቃል። አየሩ ካልረጋ 200 የሚያጎላው ብዥታውን ነው። ከአድማስ በላይ ከፍታው ከ30 ዲግሪ ያነሰውንም ተዉት፤ እዚያ ላይ ብርሃኑ አናት ላይ ካለው ኮከብ እጥፍ አየር አቋርጦ ይመጣል። ጨረቃን ለማሳየት ሙሉ የሆነችበትን ምሽት ሳይሆን ግማሽ የሆነችበትን ምረጡ፤ ጉድጓዶቿ በጥላቸው ጎልተው የሚታዩት ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ከሰው ጋር ያለው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳያይ፣ ወረፋው እንዳይጓተትና እናንተም እንዳታፍሩ ብሎ «አየሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። ስለዚህ «አዩት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ይታይዎታል? ቅርጹ ምን ይመስላል?» በሉ። «ጨለማ ነው» ካለ ዓይኑን ከሌንሱ ጥቂት አርቆ ቀስ ብሎ እንዲመለስ ንገሩት። የቴሌስኮፑን ቧንቧ ይዞ ከሆነ ኢላማው ከእይታ ወጥቶ ይሆናል፤ እናንተው አይታችሁ መልሱት። የሚደገፍበት ነገር ካጣ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ይይዛልና አጠገቡ ጠንካራ መደገፊያ አቁሙ። መነጽር ያደረገም ሰው ከነመነጽሩ ይሞክር።

የአንድሮሜዳን ጋላክሲ (የከዋክብት ስብስብ) ከማሳየታችሁ በፊት እውነቱን ንገሩ፦ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ቀለም የሚለዩት የዓይናችን ሴሎች በደካማ ብርሃን አይሠሩም፤ በፎቶግራፍ የምናየው ቀለም ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ያገኘው ነው። ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን እንዲመለከቱ ምከሯቸው፤ የዓይን ጠርዝ ለጨለማ ይበረታል። ብርሃኑ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ግን ካዩ በኋላ ንገሯቸው። እያዩ ሳለ ማውራት ማየታቸውን ይሻማል።

ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የስልክ ስክሪን ያን ሁሉ ያጠፋዋል። ቀይ መብራት ብቻ ይኑራችሁ፣ እሱም ደብዘዝ ያለ። ሌንሱ ላይ ጤዛ ካረፈ በልብስ አትጥረጉት፣ ይጫራል፤ በቀስታ አሙቃችሁ አድርቁት።

ወረፋው ሲያልቅ መጀመሪያ ያዩትን እንግዶች መልሳችሁ ጥሯቸው። አሁን ዓይናቸው ጨለማውን ለምዷል፤ ቅድም ያላዩትን የጭጋጉን ጠርዝ ሊያዩት ይችላሉ።