ለኪቦርድ ክዳን 130 ዶላር ያወጣል?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ እትዬ። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። አምና ሜካኒካል ኪቦርድ አግኝቼ እስካሁን እየሠራሁበት ነው፤ ደህና ነው፣ ግን ፊደሎቹ መጥፋት ጀምረዋል። ኪካፕ የሚሉትን፣ የቁልፉን የላይኛውን ክዳን ብቻ ልቀይር ብዬ ስፈልግ ዋጋው አስደነገጠኝ። አንድ ሙሉ ስብስብ 130 ዶላር! ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለው፣ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ኪቦርዱ ራሱ የዚያን ግማሽ አያወጣም። ሪያድ የምትሠራ እህቴ የምፈልገውን ንገረኝ፣ እልክልሃለሁ ብላኛለች። ይህን ዋጋ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። በእውነት ያወጣል ወይስ ስም ነው የሚሸጡት? ደግሞስ በፊደላችን የተሠራ ለምን አይገኝም?»

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ልጄ፣ በእህትህ ነገር ልጀምር። የሪያድ ገንዘብ በምን ድካም እንደሚመጣ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። 130 ዶላር ዛሬ ከ15 ሺህ ብር በላይ ነው። ስለዚህ ያ ገንዘብ የምን ዋጋ እንደሆነ ቁልጭ አድርጌ እነግርሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን ብለህ እንደምትጠይቃት አታጣውም።

እኔ ከፊደል ጋር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። በ1979 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ስቀጠር የተሰጠኝ መኪና ኦሊቬቲ ነበር። አሁን ፒያሳ ባለችው ሱቄ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፣ ኪቦርድም እጠግናለሁ። በድምፅ በሚጻፈው አጻጻፍ «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ ትመታለህ፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ግዕዙን ሁሉ ኢ ይከተለዋል፣ ራብዑን ሁሉ ኤ። አማርኛ በሚጻፍበት ኪቦርድ ላይ ቀድመው የሚላጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሱቄ ካሉት ሦስት ኪቦርዶች በሁለቱ ላይ ኢ ጨርሶ የለም፤ በአንደኛው ኤ አንድ እግሩ ብቻ ቀርቶለታል። የአንተም እነዚሁ እንደሆኑ እገምታለሁ። በርካሹ ኪካፕ ላይ ፊደሉ ከላይ የተለጠፈ ቀለም ስለሆነ ጣት እየፋቀ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ዋጋው። አንተ እንዳልከው ፕላስቲኩ ራሱ ይህን ያህል አያወጣም። ገንዘቡ ያለው ፎርማው ላይ ነው። የብሎኬት ፎርማ ሳታይ አትቀርም፤ ላሜራ ተበይዶ የሚሠራ ነው። የኪካፕ ፎርማ ግን ከጠንካራ ብረት ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ የቀለጠ ፕላስቲክ በከባድ ግፊት ይገባበታል። ኪካፑን ገልብጠህ ሆዱን እየው። የመደመር ምልክት የመሰለች ቀዳዳ አለች፤ ከክዳኑ ሥር ያለው፣ ስትጫነው የሚወርደው ስዊች ላይ ያለችው እግር የምትገባባት ናት። ይህን ቅርጽ ያወጣው ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሜካኒካል ኪቦርድ የእሱን ልክ ይከተላል። ቀዳዳዋ በፀጉር ያህል ከሰፋች ክዳኑ ይወዛወዛል፤ ከጠበበች ደግሞ ስታወጣው ስዊቹን ይዞት ይነሣል፣ ወይም ይሰነጠቃል። ይህ ልክ መቶ ቦታ ላይ ሳይዛነፍ መውጣት አለበት። እንዲህ ያለ ፎርማ በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚሠራው፤ ያውም አንድ ክዳን ሳይሸጥ ገና።

አባቴ ወረኢሉ ሸማኔ ነበር። እናቴ የፈተለችውን ድር ግቢው ውስጥ ችካል ለችካል እያዞረ ሲያደራ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ክር በቦታው ሲያስገባ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ድሩ ከተስተካከለ በኋላ መወርወሪያው ራሱ የሚሮጥ ይመስል ነበር። አንድ ሰው መጥቶ በተለየ ጥለት አንዲት ነጠላ ብቻ ሥራልኝ ሲለው አባቴ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው ይቆጣል፣ «ያው ነጠላ አይደለም እንዴ?» ይላል። ነጠላው ያው ነው። ለእሱ ብቻ የተደራው ድር ግን ከሌላ ጋር የሚካፈለው የለም። የአንተ 130 ዶላርም እንዲሁ ነው። ርካሹን ኪቦርድ የሚሠራው ፋብሪካ የፎርማውን ወጪ ለሚሊዮን ኪቦርድ ያካፍለዋል። በልዩ ቀለም የወጣውን ስብስብ ግን የሚገዙት በዓለም ዙሪያ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው።

በዚያ ላይ ቁጥሩ አለ። ሙሉ ኪቦርድ 104 ቁልፍ ነው፤ ስብስቡ ግን ብዙ ጊዜ ከ130 በላይ ክዳን ይዞ ይመጣል፤ ኪቦርዱ ያጠረበትም፣ ኢንተሩ እንደ እንግሊዞቹ የቆመበትም እንዲጠቀምበት ነው። አንተ ሠላሳውን ካርቶን ውስጥ ትተዋለህ፣ ዋጋውን ግን ከፍለሃል። ረድፉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ጣት ተመችቶት እንዲያርፍ ተብሎ እያንዳንዱ ረድፍ ከፍታውና ዝንባሌው ይለያያል፤ የላይኛውን ረድፍ ክዳን ወደ ታች አውርደህ ብትሰካው ጎርበጥ ይልሃል።

ከሁሉ የሚወደደው ግን ደብል ሾት የሚሉት አሠራር ነው። ባለፈው ክረምት ከውጭ የመጣ ሰው ኪቦርዱን እንዳጸዳለት አምጥቶልኝ ነበር። አንዱን ክዳን ነቅዬ ገለበጥኩት። ከላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ፊደሉ ነጭ። ከውስጥ ሳየው ግን ነጩ ፕላስቲክ የራሱ አካል ሆኖ ሥር ድረስ ወርዷል። ፊደሉ አንድ ፕላስቲክ ነው፣ ዙሪያው ሌላ፤ ሁለት ጊዜ ፈስሰው ተጣብቀዋል። ጥበቡ ከቀሚሱ ጋር አብሮ እንደተሸመነ ማለት ነው፤ ታትሞ እንደሚመጣው ጥበብ በመታጠብ የሚለቅ ነገር የለውም። ክዳኑ አልቆ ቀዳዳ እስኪሆን ፊደሉ አይጠፋም። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ እያገላበጥኩ ብዙ ሰዓት አየሁት። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ለፊደል ይህን ያህል የተጨነቀ ሥራ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

ለዚህ አሠራር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ብረት ያስፈልገዋል። ለኤም አንድ፣ ለኬ አንድ። ጂኤምኬ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የቼሪን የቆዩ ፎርማዎችና ማሽኖች ስለተረከበ ነው። ቀለሙም በቀላሉ አይገኝም፦ ፋብሪካው ቀላቅሎ ናሙና ይልካል፣ ነዳፊው አይሆንም ብሎ ይመልሳል፣ እንደገና ይቀላቀላል።

ገንዘቡ የሚሰበሰበውም አስቀድሞ ነው። እንደ ቅርጫ አስበው፤ ሰው ካልሞላ በሬው አይታረድም። ልዩነቱ፣ ቅርጫ ሥጋው በዕለቱ ይደርስሃል፣ በዚህኛው ግን ከከፈልክ በኋላ ዓመትና ከዚያ በላይ የምትጠብቅበት ጊዜ አለ። ገንዘብ ሰብስበው ሳያስረክቡ የቀሩ ሻጮችም ነበሩ። የእህትህን ገንዘብ እንዲህ ያለው ውስጥ አታስገባ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ።

አንድ ነጠላ ክዳን በ50 በ60 ዶላር ሲሸጥ አይተህ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ በእጅ እየፈሰሰ አንድ በአንድ የሚሠራ ጌጥ ነው። ለአንተ አይጠቅምህም።

ስለ ፊደላችን ላነሣኸው ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ከብረቱ ይመዘዛል። ፊደላችንን የጽሕፈት መኪና ላይ ያዋሉት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሸከም መኪና የለም። ስለዚህ እኔም በኦሊቬቲዬ ላይ እናት ፊደሉን መትቼ ቅጥያውን ለብቻው እመታ ነበር። ኮምፒውተር ይህን ችግር አቃለለው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ቁልፉ ላይ ግን ዛሬም የተጻፈው ላቲን ነው። በደብል ሾት ይሠራ ቢባል ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል አዲስ ብረት ይፈለፈላል፤ ያን ወጪ የሚካፈል ገዢ ደግሞ ገና አልተሰበሰበም።

ቁልፉ ላይ የሚለጠፈውን የአማርኛ ፊደል ስቲከር ደግሞ እንዳትገዛ። እኔ ገዝቼዋለሁ፤ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ «አይለቅም» ብሎ ሸጦልኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት «ለ» ከጣቴ ጋር ተነሣች። ሙጫው ቁልፉ ላይ ቀርቶ አቧራ ሲሰበስብ ከረመ። ብመልሰውም አልተቀበለኝም።

ፊደል ያለ አዲስ ብረት የሚወጣበት መንገድ ግን አለ፤ ለአንተም የሚበጅህ እሱ ነው። ቀለሙ ከወረቀት ላይ በሙቀት ተንኖ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ዳይ ሰብሊሜሽን ይሉታል። እንሶስላንና የጥፍር ቀለምን አስብ። የጥፍር ቀለም ከላይ ተቀምጦ ይላጣል፤ እናቶቻችን መዳፋቸው ላይ አሥረው የሚያድሩት እንሶስላ ግን ቆዳው ውስጥ ገብቶ ልብስ ታጥቦ፣ ሊጥ ተቦክቶ አይለቅም። ለዚህ ፒቢቲ የሚባለው ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ እስከ 220 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ይቆያል። ኤቢኤስ የሚባለው 100 ዲግሪን ትንሽ ሲያልፍ ስለሚለሰልስ ይህን ሙቀት አይችልም። ኤቢኤስ በጣት ወዝም ቶሎ ይለሰልስና ያብረቀርቃል። ፒቢቲ ሻካራ እንደሆነ ብዙ ይኖራል። ጉድለቱ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው፤ ረጅሙ ስፔስባር አንዳንዴ ቀስት ይሆናል።

በዚህ አሠራር ለማተሚያው ላቲንም ይሁን «ጨ» ያው ሥዕል ነው። የራስህን ሥዕል ልከህ አንድ ስብስብ ብቻ የሚያትሙልህ ሰዎችም አሉ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሠሩ ግን ዋጋው ከተዘጋጀው ይበልጣል። ቀለሙ ከፕላስቲኩ የጠቆረ መሆን ስላለበት ነጭ ወይም ፈዛዛ ክዳን ላይ ነው የሚያምረው።

እንግዲህ ለእህትህ እንዲህ በላት፦ ፒቢቲ፣ ዳይ ሰብሊሜሽን፣ ቼሪ ፕሮፋይል (የረድፎቹ ከፍታና ዝንባሌ በቼሪ ልክ የሆነ ማለት ነው)፣ ፈዛዛ ቀለም። ይህ ከቻይና ፋብሪካዎች ተዘጋጅቶ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል፤ ለዕለት ሥራ ከ130ው የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው። 130ው ውሸት አይደለም፣ የተደከመበት ሥራ ነው፤ አንተ ግን ተማሪ ነህ፣ ገንዘቡም የእሷ ነው። ዕቃው ቀላል ስለሆነ በፖስታ ከሚመጣ ወደ አገር በሚገባ ሰው ሻንጣ ብትልከው ይሻላል።

ከማዘዟ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንዱን ክዳን ወደ ላይ ስበህ ንቀል፤ በቢላ እንዳትፈነቅለው፣ እግሩ ይሰበራል። ስዊቹ ላይ የመደመር ምልክቷ ካለች ልኩ ይሆናል። ከዚያ ስፔስባሩን በማስመሪያ ለካ። 12 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ የተለመደው ነው፣ የትኛውም ስብስብ ውስጥ አለ። 13 ከሞላ ግን ስብስቡ ያንን መያዙን ሻጩን ሳትጠይቅ እንዳታዝዝ በላት።