ከሴሉ በፊት ጉልበቱን እወቁ

ሕክምና ወይም ባዮሎጂ ተምራችሁ ውጭ አገር ወደ ምርምር ለመግባት የምታስቡ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ስቴም ሴል ላይ ብሠራ ያዋጣኛል?» ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው። እኔ በመገጣጠሚያ በሽታ ምርምር ነው ፀጉሬን ያሸበትኩት። ያዋጣል። ግን ከሴሉ ሳይሆን ከታማሚው ጉልበት ጀምሩ።

ሴሉ ፋሽን ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። መቅኔ ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ተለጥፈው የሚራቡ ሴሎች እንዳሉ ያሳየው የሶቪየቱ ሳይንቲስት አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን ነበር። በፈረንጆች 1991 አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን «ሜሰንካይማል ስቴም ሴል» አላቸው። ስሙ ዓለምን ዞረ። በ2017 ግን ካፕላን ራሱ ስሙ ይቀየር ብሎ ጻፈ። እነዚህ ሴሎች ሰውነት ውስጥ ሲገቡ በአብዛኛው የሚሠሩት በሚለቋቸው ንጥረ ነገሮች ነው እንጂ አዲስ ልም አጥንት (የመገጣጠሚያ አጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ሆነው አይደለም ባይ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ግን ስሙ ተቀየረም አልተቀየረም አሁንም ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

ስለዚህ ላብራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት ቀዶ ሐኪም አስፈቅዳችሁ የጉልበት ቅየራ እዩ። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንቱ እንደ ዝሆን ጥርስ ሲያብረቀርቅ ታያላችሁ። ልም አጥንት የደም ሥርም ነርቭም የለውም። አንዴ ከተጎዳ ራሱን መጠገን ይከብደዋል። ይህ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ደግሞ የልም አጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን፣ ጡንቻው ሁሉም አሉበት። ኤክስሬይው የከፋ ሆኖ ብዙ የማያመው ሰው አለ፤ ግልባጩም አለ። ይህን ያላየ ተማሪ ሴሉን ብቻ ሲያሳድግ ዓመታት ይፈጃል። ከቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ቁራጭ ታማሚው ከፈቀደና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀ የምርምራችሁ ጥሬ ዕቃ ነው። ከቀዶ ሐኪሞች ጋር መግባባት ከማንኛውም ውድ ማሽን ይበልጣል።

የላብራቶሪው ሥራ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሴሎቹ 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምግባቸው በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይቀየራል፣ ቅዳሜ እሑድም ቢሆን። ወደ ልም አጥንት ለመለወጥ በቱቦ ታች ትሰበስቧቸውና ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል የእድገት ፕሮቲን ትሰጧቸዋላችሁ። በሦስት ሳምንት ገደማ ትንሽ ነጭ እንክብል ይወጣላችኋል። ቆርጣችሁ ሳፍራኒን የሚባለውን ቀለም ስታፈሱባት ቀይ ከሆነች ልም አጥንት መምሰሏ ነውና ደስ ይላል። አትቸኩሉ! ኮላጅን 10 የሚባለው ፕሮቲን ካለባት ወደ አጥንትነት እያመራች ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ ቀዩን ፎቶ አንስቶ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛውን ምርመራ የሚያስደርግ አለቃ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

አለቃ ስትመርጡ የላብራቶሪውን ዌብሳይት አትመኑ። ከዚያ የወጡ ተማሪዎችን ጠይቁ፤ «ውጤቱ አልሠራም ስትሉት ምን ይላል?» የቪዛውን ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ለዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ኤፍ31 ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ኬ99 የሚባለው የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ግን ይህን አይጠይቅም። ይህን ባለማወቅ ሳያመለክቱ የሚቀሩ ጎበዞች ያሳዝኑኛል።

ስታቲስቲክስ ተማሩ። በተለይ ጉልበት ላይ የጨው ውሃ እንኳ ሲወጋ ሕመም ቀለለኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ሙከራ ከ400 በላይ ታማሚዎችን ይዞ የተለያዩ የሴል መርፌዎችን ከተለመደው የኮርቲዞን መርፌ ጋር አነጻጸረ። ከዓመት በኋላ አንዳቸውም ከኮርቲዞኑ አልበለጡም። ማወዳደሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ሁሉም «ሠራ» ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ስቴም ሴል ተመራማሪ ናችሁ ከተባለ ደግሞ ስልካችሁ አያርፍም። የአክስት ጉልበት፣ የጎረቤት ዳሌ ይመጣል። «እዚህ ክሊኒክ በብዙ ሺ ዶላር ይወጋሉ፣ ልሂድ?» ትባላላችሁ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለኦስቲዮአርትራይተስ ያጸደቀው የስቴም ሴል መርፌ እንደሌለ በግልጽ ንገሯቸው። የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ዛሬም ከመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች መሆናቸውን ጨምሩበት። ክሊኒኩ «ጥናት ነው» ካላቸው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የት ተመዘገበ? ማወዳደሪያ ቡድን አለው? ጥናት ከሆነስ ለምን ታማሚው ይከፍላል?