መልስ፦ ክሮማቲክ ኮርድ የትዝታን ቅኝት እንዳያጠፋ

በፒያኖ የትዝታ ዜማ ሲጫወቱ ክሮማቲክ ኮርድ (ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ የገባበት፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) አንዳንዴ እንደሚያምር፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅኝቱን እንደሚያጠፋው ጽፈዋል። ልዩነቱ ያለው ክሮማቲኩ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህን 5 ድምፆች ለዜማው ይተዉለት፤ በግማሽ ድምፅ የሚንሸራተተው የመሃሉ ድምፅ ይሁን።

ዜማው ሶል ላይ ረዘም ብሎ ሲያርፍ ቤዙን (የታችኛውን ወፍራም ድምፅ) ዶ ላይ ያቁሙና ከመሃል ዶ፣ ሲ፣ ሲ ፍላት (ከሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ላ እያሉ ይውረዱ። ሶል ከቦታው ሳይነቃነቅ 4 ቀለም ያገኛል። በተለይ ሲ ፍላቱ ላይ ጆሮዎን ይስጡ፤ ወደ ፋ ኮርድ ሲጎትት በግልጽ ይሰማል፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ዜማው ዶ ላይ ካረፈ ግን ይህ አይሆንም፤ የመሃሉ ሲ ከዶ ጋር ይጋጫል። እዚያ ፋ ሜጀር፣ ፋ ማይነር፣ ዶ ሜጀር ይጫወቱ፤ የመሃሉ ድምፅ ላ፣ ላ ፍላት፣ ሶል እያለ ይወርዳል።

ሚ ፍላትና ላ ፍላት የትዝታ ማይነር መለያዎች ስለሆኑ ነክተው ይለፏቸው። ከቆዩ ቅኝቱ የተቀየረ ይመስላል፤ ዜማው ላ ሲል ከሥሩ ላ ፍላት ካለማ ጨርሶ አይስማማም። ፔዳሉንም ኮርድ በተለወጠ ቁጥር ይቀይሩ፣ አለዚያ ሲና ሲ ፍላት ይደባለቃሉ።