ሶሻል ብገባ ከሒሳብ እገላገላለሁ?

ጤና ይስጥልኝ። የመሀል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ጨረስኩ። ለ11ኛ ክፍል ናቹራል ወይም ሶሻል ብለን ቅጽ መሙላት አለብን። ውጤቴ ባዮሎጂ 82፣ ኬሚስትሪ 70፣ ፊዚክስ 54፣ ሒሳብ 61፣ እንግሊዝኛ 66፣ ጂኦግራፊ 88፣ ታሪክ 84 ነው። ምኞቴ ፋርማሲ ነው፤ አባቴም ናቹራል ግቢ ይላል። ታላቅ እኅቴ ግን «በዚህ ሒሳብና ፊዚክስ ማትሪክ ትወድቂያለሽ፤ ሶሻል ግቢና ተገላገዪ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እኅቴ፣ ሶሻል ከሒሳብ አያስመልጥም። የ12ኛ ክፍል ፈተና (ማትሪክ የምትሉት) ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና) ለሁለቱም ናቸው። ልዩነቱ በቀረው ግማሽ ላይ ነው፦ ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፤ ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የሶሻል ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት) የራሱ የሒሳብ ኮርስ አለው። ስለዚህ የሚያከራክረው ፊዚክስ ብቻ ነው።

ማለፊያው 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ነው። እንግሊዝኛ 55፣ አፕቲትዩድ 55፣ ሒሳብ 45 ብታመጪ 155 ያዝሽ፤ 145 ይቀርሻል። ባዮሎጂ 58፣ ኬሚስትሪ 50 ከሆነልሽ ፊዚክስ 37 ይበቃል። ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የክፍል ውጤትንም እንዳለ አትመኚው፤ የቡድን ሥራና አሳይመንት ያበጡት ቁጥር ነው። የ9ኛንና የ10ኛን የፋይናል ወረቀቶች ብቻ ለይተሽ ከመቶ አስቢ። 88ቱ ጂኦግራፊ እዚያ ላይ 60 ሆኖ ቢገኝ አይግረምሽ።

አሁን ወደ ፊዚክስ። ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ 20 የስሌት ጥያቄ መርጠሽ፣ መልስ ሳታዪ፣ ሥሪ። የሳትሻቸውን ለሁለት ክፈያቸው፦ ሐሳቡ ያልገባሽና ሐሳቡ ገብቶሽ ስሌቱ ላይ የወደቅሽበት። ብዙ ተማሪ ፊዚክስ ከበደኝ የሚለው ቀመር ውስጥ የተደበቀውን ፊደል ለብቻው ማውጣት ስለማይችል፣ ወይም 72 ኪሎ ሜትር በሰዓትን በ3.6 አካፍሎ 20 ሜትር በሰከንድ ማድረግን ስለሚረሳ ነው። ይህ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ሒሳብ እንጂ ፊዚክስ አይደለም። ስሕተትሽ ከግማሽ በላይ በዚህ በኩል ከሆነ በክረምቱ ይስተካከላል፦ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቀመር መገልበጥ፣ መለኪያ መቀየር፣ ሳይንና ኮሳይን፣ የግራፍ ተዳፋት። ሒሳብሽም አብሮ ይነሣል። ማትሪክ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ አሠራርሽ ትክክል ሆኖ መልሱ ቢሳሳት ከፊል ማርክ የሚባል ነገር የለም፤ ጥንቃቄውን ከአሁኑ ልመጂ።

ሐሳቡ ራሱ ካልገባሽና ማንበቡም ከሰለቸሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሕግ፣ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ይስብሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። የሚስብሽ ከሆነ ሶሻል ለአንቺ ሽሽት አይሆንም። ታሪክና ጂኦግራፊ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚፈተኑት፤ በአማርኛ ተረድቶ መግባት አያዋጣም።

ፋርማሲ ከሶሻል አይገኝም። ከናቹራልም ቢሆን ፍሬሽማን ላይ በሚመጣ ውጤት ውድድር ነው። አባትሽ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ካምፓስ ቅርብ ነው ብለው አስበው ከሆነ፣ ምደባው በውጤትና በምርጫ ስለሆነ ቅርበትን ምክንያት አታድርጉት።

በእኔ ግምት፣ የሃያው ጥያቄ ፈተና ስሌት ላይ ከጣለሽ ናቹራል ሙዪ። ከዚያ በፊት ግን ምርጫሽን እስከ ስንተኛው ሳምንት መቀየር እንደሚቻል ት/ቤቱን ጠይቂ። ከናቹራል ወደ ሶሻል መመለስ ይቀላል፤ ወደ ናቹራል ለመመለስ ግን ያመለጠሽን የ11ኛ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብቻሽን ማካካስ ይኖርብሻል።