ማንም ያላየው ቅርጽ በምን ይታወቃል? ከደብረ ማርቆስ ለተነሣው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። «የአቶም ኒውክሊየስ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ሞላላ ነው ይሉናል፤ ማንም ያላየውን ነገር ቅርጽ በምን ያውቁታል? እኔስ እዚሁ ጎጃም ሆኜ በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት እችላለሁ?» ብለሻል። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ሁለት ዓመት ጋማ ጨረር ስለካ ቆይቻለሁ፤ አሁን ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ካለፍሁበት ልንገርሽ።

ቅርጹን በዓይን ያየው የለም፤ የምናየው ኒውክሊየሱ ኃይል ሲያራግፍ የሚለቀውን ጨረር ነው። ፍጹም ድቡልቡል የሆነ ኒውክሊየስ በኳንተም ሕግ ይሽከረከራል አይባልም፤ በየት በኩል ቢያዞሩት ያው ስለሆነ «ዞረ» የሚያሰኝ ምልክት የለውም። ሞላላው ግን ይዞራል። ታዲያ እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበትን እንዝርት እንዳታስቢ። እንዝርት የሚሾረው በራሱ ዘንግ ዙሪያ ነው፤ ሞላላው ኒውክሊየስ የሚዞረው ግን አናቱና ግርጌው እየተገለባበጠ ነው። ደግሞም አንድ ፕሮቶን ብቻውን አይደለም የሚንቀሳቀሰው። ደቦ ወጥተሽ ካጨድሽ ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ማጭድ በአንድ ዜማ ሲወርድ አንድ ሰው ብቻውን ከሚያጭደው ጋር አይወዳደርም። እንዲህ በኅብረት የሚዞር ኒውክሊየስ ጨረሩን የሚለቅበት ፍጥነት አንድ ፕሮቶን ብቻውን ቢሠራው ከሚጠበቀው ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን የኅብረት እንቅስቃሴ ከነጠላው ቅንጣት እንቅስቃሴ ጋር ያስታረቁት ኦገ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንዋተር እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የሚዞር ኒውክሊየስ የኃይል ደረጃዎች የሽክርክሪት ቁጥሩን ከራሱ በአንድ ከሚበልጠው ጋር በማባዛት ይገኛሉ። ለ2 ሲሆን 2 በ3፣ ማለትም 6፤ ለ4 ሲሆን 4 በ5፣ ማለትም 20። ሃያን ለስድስት ብታካፍዪው 3.33 ይወጣል። ድቡልቡል ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ኒውክሊየስ ከሆነ ግን ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን እጥፍ ነው፤ ውጤቱም 2 ይሆናል። ይህች አንዲት የማካፈል ስሌት ብዙ ነገር ትናገራለች፤ በትክክል ከተሠራች።

እኔ በትክክል አልሠራኋትም ነበር። የተሰጠኝ የጨረር ምንጭ ዩሮፒየም 152 ነበር (152 የፕሮቶኖቹና የኒውትሮኖቹ ድምር ነው)፤ መለኪያዎችን ለማስተካከል በየቤተ ሙከራው የሚቀመጥ፣ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ፈርሶ ወደ ሌላ የሚለወጥበት ጊዜ) 13.5 ዓመት የሆነ። የጀርማኒየሙን መለኪያ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘን ሌሊቱን ሙሉ አስቆጠርነው። ጠዋት ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሮቹ እንደ ሾህ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱ 121.8፣ ሌላው 244.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፤ ይህ የጨረሩ ኃይል መለኪያ ነው። ሁለቱም ዩሮፒየሙ ፈርሶ ከሚለወጥበት ከሳማሪየም 152 የሚወጡ ናቸው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፈልሁት፤ 2.01 ወጣ። ለ2 ይህን ያህል የቀረበ ቁጥር ሳገኝ መጠራጠሩም አልመጣልኝም። «ሳማሪየም 152 ድቡልቡል ነው» ብዬ ጽፌ አስረከብሁ።

አማካሪዬ ወረቀቱን አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «244.7 ከየት ተነሥቶ የት የሚያርፍ ነው?» ያን ጊዜ ገባኝ። መስመሩ የሚነግረን በሁለት የመሰላል እርከኖች መካከል ያለውን ርቀት እንጂ እርከኑ ከመሬት ያለውን ከፍታ አይደለም። ሁለተኛው እርከን ከመሬት 121.8 ሲደመር 244.7፣ ማለትም 366.5 ላይ ነው። 366.5 ለ121.8 ሲካፈል 3.01፤ ከ2 ይልቅ ለ3.33 የቀረበ። ድቡልቡል ያልሁት ኒውክሊየስ ሞላላ ሆኖ ተገኘ! እስከ ዛሬ ተማሪ ሰንጠረዥ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ከዚያው ሌሊት ልኬት ሌላም ነገር ወጣ፤ እኔ ይህን ዘርፍ የወደድሁት በዚህ ነው። ዩሮፒየም 152 ሁልጊዜ ወደ ሳማሪየም አይሄድም፤ ከመቶው 28 ያህሉ ወደ ጋዶሊኒየም 152 ይለወጣል። የጋዶሊኒየሙ መስመሮች 344.3 እና 411.1 ናቸው። ደምሪያቸው፤ 755.4። ለ344.3 ሲካፈል 2.19፤ ይኸኛው ለ2 የቀረበ ነው። ክብደታቸው እኩል 152 ነው፤ ሳማሪየሙ ግን 90 ኒውትሮን ሲኖረው ጋዶሊኒየሙ 88 ብቻ አለው። ቅርጹ የሚለወጠው እዚያ አካባቢ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ ትችያለሽ። የቅንጣት ማፋጠኛዎቹ ከጎጃም ሩቅ ናቸው፤ የተለካው መረጃ ግን ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ብሩክሄቨን ያለው ብሔራዊ የኒውክሊየር መረጃ ማዕከል ሁሉንም በነጻ አስቀምጦታል። መብራትና ኢንተርኔት ባለ ሰዓት አውርደሽ ያዢው። በሳማሪየም ጀምሪ። የመጀመሪያው ደረጃ በሳማሪየም 144 ላይ 1660 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ 82 ኒውትሮን ስላለው ቅርፊቱ (ኒውትሮኖቹ የሚደረደሩበት እርከን) ሞልቶ ግትር ሆኗል። በ150 ወደ 334፣ በ152 ወደ 122፣ በ154 ወደ 82 ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ በማካፈሉ ብቻ ቅርጽ አትፍረጂ። 3.3 ቢወጣሽም እንደ እንቁላል የሾለ ይሁን እንደ ዳቦ የተደፈጠጠ አይነግርሽም። ለዚያ ደረጃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና የኤሌክትሪክ ቻርጁ እንዴት እንደተዘረጋ የሚለካ ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል። ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኒውክሊየር ምርምር ማዕከል፣ ኢሶልዴ በሚባለው ቤተ ሙከራ፣ ራዲየም 224ን አፋጥነው ከሌላ ኒውክሊየስ አጠገብ ሳይነካካ በማሳለፍ፣ በኤሌክትሪክ ግፊት ብቻ አነቃንቀው ጨረሩን ለኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ውጤት ኒውክሊየሱ አንድ ጎኑ ወፍሮ ሌላው እንደ ቅል አንገት የቀጠነ መሆኑን አሳየ። ይህን በማካፈል ብቻ አታገኚውም።

የሳማሪየም 148፣ የ150፣ የ152 እና የ154ን ስሌት ሠርተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አየዋለሁ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መስመር ይሁን ደረጃ ጻፊበት።